የጥርጣሬ ልክ

አዳማ መናኸሪያ ውስጥ አንድ መንገደኛ «የመተሐራ መኪና ወጣ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ እንደ መላሹ ይለያያል። ተራ አስከባሪው «ወጥቷል» ይላል። ሊስትሮው «ሳይወጣ አልቀረም» ይላል። ሻይ የምትሸጠው «ወጥቶ ይሆናል»፣ ሻንጣቸውን ተደግፈው የቆሙት አዛውንት «የወጣ መሰለኝ»፣ አሁን የደረሰችው ተሳፋሪ «ወጣ አሉ»። ትከሻውን ሰብቆ «እኔ እንጃ» የሚልም አይጠፋም።

ግሡ አንድ ነው፤ መኪናውም አንድ ነው። የሚለያየው እያንዳንዱ ሰው የያዘው ማስረጃ ነው። ተራ አስከባሪው መኪናው በሩን ሲያልፍ አይቷል። ሊስትሮው አላየም፤ ግን መኪናው የሚቆምበት ቦታ ባዶ ነው፣ የመውጫው ሰዓትም አልፏል። ሻይ ሻጯ ጀርባዋን ሰጥታ ስኒ ታጥብ ነበር። አዛውንቱ የሞተር ድምፅ ሰምተዋል፤ የየትኛው መኪና እንደሆነ ግን አልለዩም። ተሳፋሪዋ ከሌላ ሰው ነው የሰማችው። ጠያቂው ማንንም «እንዴት አወቅህ?» ብሎ ሳይጠይቅ ይህን ሁሉ ከግሡ ጭራ ያገኘዋል። የቋንቋ ሥራ ሲያምር እንዲህ ነው።

መጋጠሚያውን ቀረብ ብለን እንየው። «ወጥቷል» ሁለት ክፍል አለው፤ «ወጥቶ» እና «አል»። «አል» ያው «አለ» ነው፤ ተሸርፎ ከፊተኛው ጋር ተጣብቋል። «ወጥቶ» ብቻውን አይቆምም፤ የሚያሳርፈው ነገር ይፈልጋል። «አለ» ሲገባበት ነገሩ የተጨበጠ ይሆናል። «አለ»ን አውጥተን በቦታው «ይሆናል»ን ብናስገባ «ወጥቶ ይሆናል» እናገኛለን፤ የተጨበጠው ይላላል። «ነበር» ቢገባ ጊዜው ወደ ኋላ ይሸሻል። «ኖሯል» ቢገባ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል፤ «ለካ ወጥቶ ኖሯል» የሚል ሰው መኪናው መውጣቱን ብቻ ሳይሆን እስከ አሁን ሳያውቅ መቆየቱን ጭምር ተናግሯል። ማስገቢያው አንድ ነው፤ የሚገቡት ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ልክክ ብለው ይገጥማሉ።

ወደፊት ለሚሆነው ነገር ደግሞ «ይወጣ ይሆናል» እንላለን። እዚህ ላይ የ«ይወጣል» መጨረሻ ተቆርጧል፤ «ይወጣል ይሆናል» የሚል አማርኛ የለም። እንዲህ ባለ ጥምር ግሥ ውስጥ «አል» አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመጨረሻው ግሥ ላይ ይቀመጣል። ያን የመጨረሻውን ከ«ይሆናል» ላይ ብንነቅለው የሚቀረው «ይሆን» ነው፤ «ወጥቶ ይሆን?»። ይህ ለሌላ ሰው የሚቀርብ ጥያቄ አይደለም፤ ሰው ከራሱ ጋር የሚነጋገርበት ነው። አንዲት ቅንጣት ስትነቀል ግምቱ ወደ ሐሳብ ተለወጠ።

ከሁሉ ይልቅ እጄ ላይ የሚቆየው ግን የሊስትሮው «ሳይወጣ አልቀረም» ነው። በውስጡ ሁለት አሉታዎች አሉ። «ሳይ» ውስጥ «ስ» እና የአሉታው «አይ» ተዋህደዋል። «አልቀረም» ውስጥ «አል» እና «ም» «ቀረ»ን ከፊትና ከኋላ ይዘውታል። ሁለት አሉታ ሲገናኝ ይጣፋል ብለን ብናስብ ውጤቱ «ወጥቷል» መሆን ነበረበት። አይደለም። ከሁለቱ መካከል ጠባብ ክፍተት ተትቷል፤ ተናጋሪው ያላየው ነገር የሚቀመጥበት። ይህን ለመፈተሽ «መውጣቱ አይቀርም» የሚለውን ከጎኑ ማስቀመጥ ይበቃል። እሱ ጽኑ ነው፤ ቢዘገይም ይወጣል ማለት ነው። «ሳይወጣ አይቀርም» ግን ይላላል፤ የመውጣቱ ነገር ያመዝናል እንጂ አላለቀም። «አይቀርም» በሁለቱም ውስጥ ያው ነው። ከፊቱ ስም ሲቆም ይጠብቃል፤ «ሳይ» ያለበት ግሥ ሲቆም ይላላል። ጊዜውም በዚያው በ«ቀረ» ላይ ይለካል። «አልቀረም» ወደ ተፈጸመ ነገር ብቻ ይመለከታል፤ «አይቀርም» ሰፋ ብሎ አብዛኛውን ጊዜ ወደፊት ያያል። ሊስትሮው ይህን ሁሉ ብሩሹን ሳያስቀምጥ፣ ያለ ስሕተት ያደርገዋል።

«መሰለኝ» ሌላ ብልሃት አለው። «ይመስላል» የሚል ሰው የነገሩን መልክ ይናገራል፤ ባለቤት የለውም። «ይመስለኛል» ሲል «ኝ» ትገባና ግምቱ የእሱ ይሆናል፤ ቢሳሳት ተጠያቂው እሱ ነው። «መሰለኝ» ሲል ደግሞ ግሡ ኃላፊ ጊዜ ይለብሳል፤ ግምቱ ግን የአሁን ነው። በሩ ሲንኳኳ «መጣ መሰለኝ» እንላለን፤ ትናንት መስሎን አይደለም። ኃላፊው ጊዜ እዚህ ቀን አይቆጥርም። ተናጋሪውን ከንግግሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ያቆመዋል። ይህን እርምጃ አንባቢ ይያዝልኝ፤ እንግሊዝኛው ውስጥ እንደገና እናገኘዋለን።

«አሉ» ከሁሉም አጭሩ ነው። ማን እንዳለ አይነገርም፤ ብዙ ቁጥሩ ያንን ይሸፍናል። ጋዜጣ ላይ ሲወጣ «ተብሏል» ወይም «ይባላል» ይሆናል፤ ሥራው ያው ነው። ተናጋሪው ወሬውን ያቀብላል፤ ዋስ ግን አይሆንም። አዳማ ላይ የጥርጣሬን አነጋገር ማዳመጥ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ ከተማው አማርኛና አፋን ኦሮሞ ባንድ ጠረጴዛ ላይ የሚነገሩበት ስለሆነ ሁለቱን አሠራር ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። አፋን ኦሮሞም «ዹፋ ተኣ» ሲል፣ «መሆን»ን የሚያመለክተውን ግሥ ከዋናው ግሥ ኋላ ያስቀምጣል፤ ከ«ይመጣ ይሆናል» ጋር መሳ ለመሳ ነው። ፊት ላይ «ተሪ» ሊቀድመው ይችላል፤ አማርኛው «ምናልባት»ን እንደሚያስቀድም። በሁለቱም ቋንቋ ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ሰሚው ወሬውን ቀድሞ ይሰማል፤ ክብደቱን የሚያውቀው ግን አረፍተ ነገሩ ሲዘጋ ነው። የሰው ንግግር ማቋረጥ ነውር የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ያቋረጠ ሰው ወሬውን ይዞ ልኩን ትቶ ይሄዳል።

እንግሊዝኛ ልኩን የሚያስቀምጠው መካከል ላይ ነው፤ ከባለቤቱ ቀጥሎ፣ ከዋናው ግሥ በፊት። «መስት ሃቭ ሌፍት»፣ «ሜይ ሃቭ ሌፍት»፣ «ማይት ሃቭ ሌፍት»። ሦስቱም «ወጣ»ን ይዘዋል፤ ሦስቱም ከመናኸሪያው መልሶች ከአንዱ ጋር ይጠጋጋሉ። «መስት» የሊስትሮው ነው፤ አላየም፣ ግን ባዶው ቦታ ሌላ ትርጉም አይሰጠውም። «ሜይ» የሻይ ሻጯ ነው። «ማይት» ከእሷም የሳሳ ነው። እያንዳንዱ ቃል አንድ ክፍለ ቃል ብቻ አለው፤ በጊዜና በቁጥር አይረባም፣ ባለቤቱ ሲለወጥ አይለወጥም።

ይህ የቃላት ስብስብ ከምን እንደተሠራ ማየት ደስ ይላል። «ማይት» የ«ሜይ» ኃላፊ ጊዜ ነበር። «ኩድ» የ«ካን»፣ «ሹድ» የ«ሻል» ነበሩ። «መስት» ራሱ ከአንድ አሮጌ ግሥ የኃላፊ ጊዜ ቅርጽ የወጣ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በዘመናት ውስጥ የትናንትን ቅርጽ ወስደው የርቀት መለኪያ አደረጉት፤ ከአሁን የራቀው ከእርግጠኝነትም ራቀ። «መሰለኝ» የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ዝምድና የላቸውም፤ ግን ሁለቱም ለጥርጣሬ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደዋል።

አሉታው ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። «መስት ቢ» «ሳይሆን አይቀርም» ወይም «መሆን አለበት» ከሆነ፣ ተቃራኒው «መስት ኖት ቢ» ይመስላል። በአብዛኛው እንዲያ አይባልም፤ «ካንት ቢ» ነው የሚባለው፤ ሊሆን አይችልም። «መስት ኖት» በዋናነት የክልከላ ቃል ነው፤ «ማጨስ ክልክል ነው» ለማለት የሚያገለግል። ግዴታና ግምት በአንድ ቃል ስላደሩ፣ አሉታው ሲመጣ መለየት ነበረባቸው። የእኛም «አለበት» ሁለቱን ይሸከማል፤ «መውጣት አለበት» ግዴታ ነው፣ «ወጥቶ መሆን አለበት» ግምት ነው። እኛ ልዩነቱን የምናደርገው በ«ወጥቶ መሆን» ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ የሚማር የአዳማ ወይም የሞጆ ተማሪ ይህን ሲያገኝ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም፤ ብዙ ጊዜ የሚነገረው «መስት ማለት አለበት ነው» ተብሎ ብቻ ነው።

ከግሦቹ ውጭ ያሉትም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። «ሰርተን» የመጣው ማበጠርንና መለየትን ከሚያመለክት የላቲን ግሥ ነው፤ ገለባው ተለይቶ የቀረው ማለት ነው። «ፕሮባብል» ከ«ሊረጋገጥ የሚችል» ይወለዳል። «ፐርሃፕስ» ግማሹ ላቲን፣ ግማሹ የሰሜን ሰዎች ቃል ነው፤ ሁለተኛው ክፍል ዕድል ማለት ነበር። «ዳውት» ሲጻፍ መካከሉ ላይ የማትነበብ «ብ» አለች። ድሮ አልነበረችም፤ የላቲን ምንጩን ለማስታወስ ሲሉ ጸሐፊዎች ኋላ ላይ የጨመሯት ናት። የላቲኑ ሥር «ሁለት» ከሚለው ቁጥር ጋር ይዛመዳል። የሚጠራጠር ሰው ለሁለት የተከፈለ ነው። አማርኛ ደግሞ ያለ ማንም ምክር «ሁለት ልብ ሆንኩ» ይላል።

እዚህ ላይ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ራሳቸው የገጠማቸውን ችግር ማንሳት ያስፈልጋል። ቃላቱ ቀጫጭን ናቸው፤ ግን ሁሉም ሰው እኩል አይመዝናቸውም። እ.ኤ.አ. በ1951 የአሜሪካ የስለላ ተንታኞች ስለ ዩጎዝላቪያ አንድ ግምገማ ጻፉ። የመወረሯን ነገር በቀላል እንዳይታይ አድርገው፣ «ብርቱ የመሆን ዕድል» አለው በሚል አገላለጽ አስቀመጡት። ከጸሐፊዎቹ አንዱ የታሪክ ምሁሩ ሸርማን ኬንት ነበር። ቆይቶ አንድ ባለሥልጣን ይህ በቁጥር ስንት ይሆናል ብሎ ጠየቀው። ኬንት 65 ለ35፣ ወደ ወረራው ያመዝናል አለ። ባለሥልጣኑ ደነገጠ፤ እሱና ባልደረቦቹ ከዚያ በጣም ዝቅ አድርገው ነበር ያነበቡት። ኬንት ወደ ባልደረቦቹ ተመልሶ አንድ በአንድ ጠየቀ። ያንኑ ሐረግ አብረው ተስማምተው የጻፉት ሰዎች መልስ፣ ዝቅተኛው 20 ለ80፣ ከፍተኛው 80 ለ20፣ የቀረውም በመካከላቸው ነበር።

ኬንት እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ጽሑፍ ለእያንዳንዱ ቃል የሚዛን ድንጋይ ሰጠው። «እርግጥ ነው ማለት ይቻላል» 93 ከመቶ፣ 6 ይጨመር ወይም ይቀነስ። «ፕሮባብል» 75፣ በ12 ከፍና ዝቅ። «እኩል በእኩል» 50፣ በ10። «ላይሆን ያመዝናል» 30፣ በ10። «ላይሆን እርግጥ ነው ማለት ይቻላል» 7፣ በ5። እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ ስፋት እንደተሰጠው ልብ ይሏል፤ በጫፎቹ ጠባብ፣ «ፕሮባብል» ላይ ሰፊ ነው። መቶና ዜሮ ምንም ስፋት የላቸውም። በመካከላቸው ያሉት እርከኖችም በትክክል አይገናኙም፤ ባዶ የቀሩ ቁጥሮች አሉ። ኬንት ለጥርጣሬው ራሱ ጥርጣሬ መድቦለታል። ይህን የመሰለ ሥራ ደጋግሞ ማንበብ አያሰለችም።

የአየር ንብረት ለውጥን የሚገመግመው የመንግሥታቱ ፓናል በኋላ ተመሳሳይ መሰላል ሠራ። በዚያ ሰነድ «ላይክሊ» ማለት ከ66 እስከ 100 ከመቶ ነው፤ «ቬሪ ላይክሊ» ከ90 ጀምሮ፣ «ኤክስትሪምሊ ላይክሊ» ከ95 ጀምሮ፣ «ቨርቹዋሊ ሰርተን» ከ99 ጀምሮ። ወደ ታችም እንዲሁ ይወርዳል። የታችኛው እርከን የላይኛውን በውስጡ ይይዛል፤ «ላይክሊ» ያለ ሰው 95ን አልካደም። መሰላሉ በሥራ ላይ ሲውል ማየት ከፈለጉ፣ ሰው ምድርን አሙቋል ወይ ለሚለው ጥያቄ የተሰጡትን መልሶች መከታተል ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ሪፖርቱ «ላይክሊ» አለ። በ2007 «ቬሪ ላይክሊ»። በ2013 «ኤክስትሪምሊ ላይክሊ»። በ2021 መሰላሉን ትቶ የማያሻማ ነው አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ የብዙ አገር ሊቃውንት ማስረጃ ሰብስበው ያንቀሳቀሱት አንድ ቅጽል ነው፤ ያውም አንድ አንድ እርከን።

የእኛ የክረምትና የበልግ ትንበያም በስሌት የተሠራ ነው። ያለፉት ዓመታት ዝናብ ከብዙው ወደ ጥቂቱ ተደርድሮ ለሦስት እኩል ይከፈላል፤ ላይኛው ሲሶ «ከመደበኛ በላይ»፣ መካከለኛው «መደበኛ»፣ ታችኛው «ከመደበኛ በታች» ይባላል። ምንም የማያውቅ ሰው ለእያንዳንዱ 33 ከመቶ ይሰጥ ነበር። ትንበያው «ከመደበኛ በላይ»ን 45 አድርጎ ቢያወጣ፣ ከሲሶው ምን ያህል እንደራቀ ነው የሚታየው። 45 ከግማሽ በታች ነው፤ «ይዘንባል» ማለት አይደለም። «ሳይዘንብ አይቀርም» ለማለትም አይበቃም። ከሌሎቹ ሁለቱ ይልቅ ወደዚህ ያጋድላል ማለት ነው፤ ለመቂና ለባቱ ገበሬ መነገር ያለበትም እንዲሁ ነው።

ይህ ጉዳይ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምር ሆኖ የመጣው በ2017 ዓ.ም. ነው። ከመስከረም ጀምሮ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ መሬት ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ። ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ፤ አዳማ ደግሞ ከአዲስ አበባ ይልቅ ለፈንታሌ ትቀርባለች። የካቲት 7 ቀን መጠኑ 6 የሆነ መንቀጥቀጥ ተመዘገበ። መንገድና ቤት ተሰነጠቀ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሡ። በእነዚያ ወራት ከሊቃውንቱ የሚወጣው አረፍተ ነገር በሦስት ዓይነት ልክ የተሠራ ነበር። የመሬቱ መሰንጠቅ በዓይን የታየ ነው። በሳተላይት ራዳር የተለካው የመሬት መዛባት፣ ከሥር ቅልጥ አለት በስንጥቅ ውስጥ መግባቱን ያመለክት ነበር፤ ይህ ከማስረጃ የተገኘ ጠንካራ ግምት ነው። ቅልጥ አለቱ ወደ ላይ ወጥቶ ይፈነዳ ይሆን የሚለው ግን «ሜይ» ነበር።

ሦስቱን በአማርኛ ማስቀመጥ ይቻላል፤ መሣሪያው ሞልቷል። መሬቱ ተሰንጥቋል። ከሥሩ ቅልጥ አለት ሳይገባ አልቀረም። ይፈነዳ ይሆናል። ሦስት ግሥ፣ ሦስት መዝጊያ፣ ሦስት ልክ። በታኅሣሥ መጨረሻ በዶፈን አካባቢ እንፋሎትና ጭቃ ከመሬት ሲወጣ ግን ወሬው የተሠራጨው «ፈነዳ» ሆኖ ነው። የወጣው ጋዝና እንፋሎት እንጂ ቅልጥ አለት አልነበረም። መተሐራ ላይ ልጆቿን ይዛ ሜዳ ላይ ለምታድር እናት፣ በ«ፈነዳ» እና በ«ይፈነዳ ይሆናል» መካከል ያለው ርቀት ቤት ትቶ በመሄድና ዕቃ ሸክፎ በመጠበቅ መካከል ያለው ርቀት ነው።

በዛሬው የመግለጫና የዜና አማርኛ አንድ ቅርጽ ሁሉንም እየተካ መጥቷል፤ «ሊ…ይችላል»። «ሊዘንብ ይችላል»፣ «ሊፈነዳ ይችላል»፣ «ሊከሰት ይችላል»። ቅርጹ በራሱ ስሕተት የለበትም፤ አንድ ነገር የማይቻል አለመሆኑን ለመናገር ትክክለኛው ቃል እሱ ነው። ግን ችሎታንና ዕድልን አንድ ላይ ስለያዘ ስለ መጠኑ የሚናገረው የለም። 5 ከመቶም ሊሆን ይችላል፣ 90ም ሊሆን ይችላል። «ላይክሊ»፣ «ሜይ»፣ «ማይት» እና «ኩድ» አራቱም ወደዚህ አንድ ቅርጽ ሲተረጎሙ፣ እንግሊዝኛው ውስጥ ብዙ የተደከመበት ልዩነት በሙሉ ይጠፋል። የኛም ይጠፋል፤ «ሳይ…አይቀርም»፣ «ይሆናል» እና «ይመስላል» ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ።

ስለዚህ መግለጫ ለምትጽፉ፣ ዜና ለምትተረጉሙ፣ በአዳማም ሆነ በመተሐራ ክፍል ውስጥ ለምታስተምሩ አንድ ልመና አለኝ። እንግሊዝኛው «ላይክሊ» ካለ «ሳይ…አይቀርም» በሉ። «ሜይ» ካለ «ይሆናል» በሉ። የሰማችሁት ከሆነ «ተብሏል» ብላችሁ ማን እንዳለው ጨምሩ። በሳተላይት የታየ ከሆነ «ይመስላል» አትበሉ፤ ታይቷል። «ሊ…ይችላል»ን የምታውቁት ነገር ከዚያ በማያልፍበት ቦታ ብቻ ተጠቀሙበት።